ሳይክሉ ገና የእናንተ አልሆነም

(ያገለገለ የዳውንሂል ሳይክል ለገዙ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። እንደተነገረ ነው የተጻፈው፤ ድግግሞሹም አልተነካም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። እስቲ ወደፊት ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ስለ ትናንሽ ብሎኖች ስለማወራ እጄን ብታዩት ይሻላል።

ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ሳይክል ገዝታችኋል፣ እሱም ያገለገለ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ! ለወግ አይደለም የምለው። በደንብ የተመረጠ ያገለገለ የዳውንሂል ሳይክል ትልቅ ነገር ነው። ከፊትም ከኋላም 200 ሚሊሜትር አካባቢ የሚረግብ አሞርዛተር፣ ከፍሬሙ አንገት በላይና በታች በሁለት ማቀፊያ የታሰረ፣ የፊት ጎማውን የሚይዝ ፎርክ፣ 200 ወይም 203 ሚሊሜትር የሆኑ የፍሬን ዲስኮች፣ ወፍራም ጎማ። ይሄ ሁሉ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ድንጋይና ሥር የበዛበትን ቁልቁለት በፍጥነት ለመውረድ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሳይክሉ ገና የእናንተ አልሆነም። ገንዘቡን ከፍላችኋል፣ ቤት አስገብታችኋል፣ አጥባችሁ አስወልውላችሁታል። ቢሆንም የተስተካከለው ለሌላ ሰው ነው። የኋላው ሞላ የተመረጠው ለሌላ ሰው ኪሎ ነው። የፍሬን ማንሻው የተቀመጠው ለሌላ ሰው ጣት ነው። የጎማው ንፋስ፣ የመሪው ከፍታ፣ አሞርዛተሩ የሚመለስበት ፍጥነት፣ ሁሉም የሌላ ሰው ነው። የሰው ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው። ጫማው ምርጥ ሊሆን ይችላል፤ ልኩ ግን የእናንተ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ሊጥላችሁ የሚችለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት። ሁለተኛ፣ ሳይክሉን ለሰውነታችሁ ማስተካከል። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ስትወርዱ ምን እንደምታደርጉ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሻጩ ትንሽ ላውራ። የሸጠላችሁን ሰው ስልክ ይዛችኋል አይደል? አታጥፉት! ሳይክሉን ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ ያገለገለ ሳይክል በገዛሁ ቁጥር የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ኪሎህ ስንት ነው?» የሚል ነው። ሰው ይገረማል። ስለ ሳይክሉ ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ስለኔ ትጠይቀኛለህ ይላል። ግን መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ሻጩ 95 ኪሎ ከሆነና እናንተ 65 ከሆናችሁ፣ ሳይክሉን ገና ሳትነኩት ሞላው እንደሚከብዳችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ጊዜ የገዛሁት ሳይክል የፍሬን ማንሻዎቹ በጣም ወደ ላይ ቀና ብለው ነበር፤ ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ነገሩ ግራ ስላጋባኝ ደወልኩለት። ሰውየው ደስ ብሎት አስረዳኝ። ከዓመታት በፊት የእጅ አንጓው ተሰብሮ ነበር፤ እጁን ወደ ታች ሲያጥፈው ስለሚያመው ነው ቀና ያደረጋቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሳይክሉ ብዙ አወጋን። የኋላ ኩሽኔታዎቹን መቼ እንደቀየረ፣ የፎርኩ ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ብሎን በየጊዜው እንደሚላላ ነገረኝ። ይሄን ከየትኛው መጽሐፍ ታገኙታላችሁ? ጠይቁ! ሰው ስለሚወደው ነገር ሲጠየቅ ይናገራል። የፍሬሙን ቁጥርም በዚያው አጣሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሎቹ መሀል፣ ከፍሬሙ ሥር ተቀርጾ ይገኛል። የተሰረቀ ሳይክል አለመሆኑን ሳታረጋግጡ ምንም አትጀምሩ።

እሺ፣ አንደኛው ነገር። ሊጥላችሁ የሚችለውን መፈለግ።

ሳይክሉን እጠቡት። ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ አቁሙት። እጠቡት የምለው እንዲያምር ብዬ አይደለም፤ ጭቃ ስንጥቅን ስለሚደብቅ ነው። ከዚያ ፍሬሙን በዓይናችሁም በጣታችሁም ሂዱበት። መሪው የሚገባበትን አንገት እዩ። ከአንገቱ ወደ ታች የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ ከሥሩ እዩ። የፔዳሉን ቤት ዙሪያ እዩ። አሞርዛተሩ የታሰረበትን ቦታ እዩ። የኋላውን ክንድ ብየዳዎች አንድ በአንድ እዩ። አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ብየዳ አጠገብ ነው። ጭረትና ስንጥቅ እንዴት ይለያል? ጥፍራችሁን አሻግራችሁ ጎትቱት። ቀለም ብቻ ከሆነ ብዙም አይዝም። ስንጥቅ ከሆነ ጥፍር ይይዛል፤ ደግሞ ጠርጋችሁት ከነዳችሁ በኋላ ያው ጥቁር መስመር ተመልሶ ይመጣል። ካርቦን ከሆነ በሳንቲም ኳኳ አድርጉትና ስሙት፤ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከታፈነ ለሚያውቅ ባለሙያ ሳታሳዩ አትውረዱበት። ደግሜ እላለሁ፣ ሳታሳዩ አትውረዱበት!

መሪውን ደግሞ አደራ። የአሉሚኒየም መሪ በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ድካሙ ደግሞ ከላይ አይታይም። መሪው ስንት ጊዜ እንደወደቀ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። የፍሬን ማንሻውንና የማርሽ መቀየሪያውን ፈታ አድርጋችሁ ሥራቸውን እዩ። እዚያ የታሰረበት ቦታ ላይ ጥልቅ ጭረት ካለ፣ ወይም መሪው ትንሽ እንኳ የተጣመመ ከመሰላችሁ፣ ቀይሩት። እኔ ታሪኩን የማላውቀው መሪ ላይ አልወርድም። ቁልቁለት ላይ የተሰበረ መሪ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ያየሁት ሰው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ ማየት አልፈልግም።

ከዚያ ልቅ ነገር ፈልጉ። የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት። አንድ ጣታችሁን አንገቱ ከፎርኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አድርጉ። እዚያ ጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማችሁ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ኮርቻውን ይዛችሁ ሳይክሉን ከኋላ በዝግታ አንሱት። ጎማው መሬት ከመልቀቁ በፊት «ቋ» የሚል ከተሰማ፣ ወይ የአሞርዛተሩ ማሰሪያ ቡሽ በልቷል፣ ወይ የኋላው ክንድ ኩሽኔታ ሄዷል። ጎማዎቹን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉ፤ የማዕከላቸው ኩሽኔታ ልቅ ከሆነ ይነግራችኋል።

የፎርኩን ሁለት ማቀፊያዎች ብሎን አንድ በአንድ ፈትሹ። እባካችሁ በጉልበት አታጥብቁ! አምራቹ የጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ አለ፤ ልክ የሚለካ ቁልፍ ተዋሱና በዚያ አጥብቁ። የፎርኩ ሁለት እግሮች በላይኛው ማቀፊያ እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን እዩ። ደግሞ እግሮቹ ላይ የተሰኩ ትናንሽ የላስቲክ መከላከያዎች አሉ፤ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ፎርኩ ፍሬሙን እንዳይመታው የሚከላከሉ። ብዙ ያገለገለ ሳይክል ላይ ወይ ጠፍተዋል ወይ ተንሸራተው ቦታቸውን ለቀዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። እነሱ በሌሉበት አንድ ጊዜ ብትወድቁ ግን ፍሬሙ ይጎደጉዳል።

አሁን ፍሬን። እዚህ ጋ ቆም ልበል።

የትኛው ማንሻ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ አረጋግጣችኋል? የምሬን ነው የምጠይቀው። አንዳንድ አገር የፊት ፍሬን በግራ እጅ ነው፣ አንዳንድ አገር በቀኝ እጅ ነው። ከሞተር ሳይክል የመጡ ነጂዎች ደግሞ ሆን ብለው ወደ ቀኝ ያዞሩታል። የለመዳችሁት በግራ ሆኖ የገዛችሁት በቀኝ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ድንጋጤ ኋላውን ልትይዙ ብላችሁ የፊቱን ሙሉ በሙሉ ትጨብጣላችሁ። ከዚያ በመሪው ላይ አልፋችሁ ነው የምትወድቁት። ሳይክሉ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሁለተኛው የፍሬን ጉዳይ ዘይቱ ነው። ሁለት ዓይነት ዘይት አለ፤ ዶት የሚባለውና ሚኒራል የሚባለው። ከፍሬን አምራቾቹ ሺማኖና ማጉራ በሚኒራል ይሠራሉ። ሆፕ በዶት ይሠራል። ስራም ለረጅም ጊዜ በዶት ሲሠራ ቆይቶ፣ እንደ ሜቨን ያሉ አዳዲሶቹን በሚኒራል አድርጓል። ስለዚህ በስሙ ብቻ አትፍረዱ፤ ክዳኑ ላይ ወይም የአምራቹ መመሪያ ላይ አንብቡ። ሁለቱ አይደባለቁም! አይተካኩም! ውስጥ ያለው ጎሚኒ የተሠራው ለአንዱ ስለሆነ በሌላው ያብጣል ወይም ይበላሻል፤ ፍሬኑም ይሞታል። ዶት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ብዙ ጊዜ ያልተቀየረ ዶት ውሃ ስለገባበት በቶሎ ይፈላል። የሚፈላው መቼ መሰላችሁ? ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ዲስኩ በጋለበት ሰዓት፣ ፍሬኑን በጣም በምትፈልጉበት ሰዓት። ስለዚህ ሻጩ ዘይቱን መቼ እንደቀየረው የማያውቅ ከሆነ፣ አስቀይሩት። ይሄ ወጪ አይቆጭም።

የፍሬን ሸራውን ውፍረት እዩ። ዲስኩ ላይ ብዙውን ጊዜ አነስተኛው የውፍረት ልክ ተቀርጾ አለ፤ ለኩት። ሸራ ከቀየራችሁ ደግሞ ወዲያው ተራራ ላይ አትውጡ። ሜዳ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ይዛችሁ፣ ጎማውን ሳትቆልፉ፣ ልትቆሙ እስክትቃረቡ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ወደ 20 ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ከፍ ባለ ፍጥነት ወደ 10 ጊዜ ያህል። እንዲህ ሲሆን የሸራው ቁስ ዲስኩ ላይ እኩል ይቀባል፣ ፍሬኑም ሙሉ አቅሙን ያገኛል።

ስለ ጎማና ካቴና በፍጥነት ልለፍ። የጎማውን ጎን እዩ፣ የተቆረጠ እንዳለ። ቱብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ አዲስ ጨምሩ። የፊት ጎማው ካረጀ በአዲስ ቀይሩት፤ መዞር የምትችሉት በሱ ነው። ካቴናው ከተለጠጠ በቶሎ ቀይሩት፣ አለዚያ ጥርሶቹን ይበላል። ፔዳል ስትፈቱ የግራው ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ።

ካቴናን እንዲህ በችኮላ ያለፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ኦስትሪያ ውስጥ ሌዎጋንግ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ውድድር፣ አሜሪካዊው አሮን ግዊን ገና ከመነሻው እንደወጣ ካቴናው ተበጠሰ። ሰውየው አልቆመም። አንድም ጊዜ ፔዳል ሳይመታ፣ በእግሩ ጉልበት ሳይሆን በሰውነቱ እንቅስቃሴ ፍጥነት እየሰበሰበ፣ መታጠፊያውን እየተጠቀመ፣ ወርዶ አሸነፈ! የዓለም ዋንጫ፣ ያለ ካቴና። ስለዚህ የዳውንሂል ሳይክል ላይ ከካቴና በፊት የሚመጡት ምንድን ናቸው? ፍሬን። ጎማ። አሞርዛተር። እና እናንተ እንዴት እንደቆማችሁ።

ይሄ ወደ ሁለተኛው ነገር ያመጣኛል። ለሰውነታችሁ ማስተካከል።

አንድ ወጣት አውቃለሁ። ቀጠን ያለ፣ ቀልጣፋ ልጅ ነው። በጣም ጥሩ ሳይክል ገዛ። ትንሽ ቆይቶ አኩርፎ መጣ። «ጋሼ፣ ሳይክሉ ይረግጠኛል። ድንጋይ በመታሁ ቁጥር ከኋላ ያስፈነጥረኛል። ልሸጠው ነው» አለኝ። «ቆይ፣ ከመሸጥህ በፊት አንድ ነገር እንለካ» አልኩት። ሙሉ ዕቃውን ለብሶ፣ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ሳይክሉ ላይ ወጣ። ለካን። የኋላው አሞርዛተር በሱ ክብደት መርገብ ከሚገባው ግማሹን ያህል እንኳ አልረገበም። ሞላው የተገዛው ከሱ በጣም ለሚከብድ ሰው ነበር። ቀለል ያለ ሞላ አስገባን። በቃ! ሳይክሉ ያው ነው፣ ልጁ ያው ነው፣ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ መሸጥ አላነሳም።

ይሄ የለካነው ነገር ሳግ ይባላል። እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እሱን ያዙ። የኋላው አሞርዛተር ከዓይኑ እስከ ዓይኑ፣ ማለትም ከሚታሰርበት ቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርዝመት ማንም ሳይቀመጥበት ለኩ። ከዚያ ሙሉ ዕቃችሁን ለብሳችሁ፣ ፔዳል ላይ በመውረጃ አቋም ቆማችሁ፣ አንድ ሰው ደግፏችሁ፣ ሌላ ሰው እንደገና ይለካ። ልዩነቱ የረገበው መጠን ነው። ያንን አሞርዛተሩ በጠቅላላ ሊረግብ ለሚችለው ርዝመት አካፍሉት። ለምሳሌ ጠቅላላው 75 ሚሊሜትር ከሆነና እናንተ ስትቆሙ 22 ወይም 23 ሚሊሜትር ከረገበ፣ 30 ከመቶ ገደማ ነው። ለዳውንሂል ከኋላ ከ30 እስከ 35 ከመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ከፊት ከ20 እስከ 25 ከመቶ ገደማ ጀምሩ።

ሞላ ላይ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 450፣ ከጎኑ 3.00። የመጀመሪያው ጥንካሬው ነው፤ አንድ ኢንች ለመጫን ስንት ፓውንድ እንደሚፈልግ። ሁለተኛው በኢንች ምን ያህል ሊጨመቅ እንደሚችል ነው። ሞላው ከጠነከረባችሁ ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ከላላባችሁ ከፍ ያለ ትፈልጋላችሁ። አንዳንዱ ሰው ሞላው ሲላላበት ከላይ ያለውን ቀለበት እያጠበቀ እያጠበቀ ሊያስተካክለው ይሞክራል። አይሆንም! ቀለበቱ ሞላውን እንዳይንኳኳ ለመያዝ ነው። ከ2 ዙር ገደማ በላይ ካስፈለጋችሁ ሞላው የእናንተ አይደለም።

የፊቱ በአየር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቀለል ይላል። ለአሞርዛተር በተሠራ ፓምፕ ግፊቱን እዩ። ፓምፑን ስትገጥሙት ትንሽ አየር ወደ ቱቦው ስለሚሄድ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ አትደንግጡ። አየር ከሞላችሁ በኋላ ፎርኩን በዝግታ ጥቂት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጉት፣ ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች እንዲመጣጠኑ። ከዚያ እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ ሪባውንድ። አሞርዛተሩ ከተጨመቀ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። በጣም ከፈጠነ ሳይክሉ ያንጥራችኋል። በጣም ከዘገየ፣ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፣ እየተጨመቀ እየተጨመቀ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ድርቅ ይላል። የሚገርማችሁ፣ ሁለቱም ለነጂው «ሳይክሉ ደረቅ ነው» ይመስላሉ። ስለዚህ በስሜት ብቻ አትፍረዱ። መጀመሪያ አሁን ያለበትን እወቁ። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ዝጉት፣ ስንት ጊዜ «ቀጭ» እንዳለ ቁጠሩ፣ ጻፉት። ከዚያ ወደነበረበት መልሱት። የሚጨመቅበትን ፍጥነት የሚወስነውን ኮምፕሬሽኑንም እንዲሁ። የበፊቱን ባለቤት አስተካከል ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አስቀምጡ። ምናልባት ሰውየው የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ልትመለሱበት ትችላላችሁ።

እና አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንድ ነገር ብቻ! የጎማ ንፋስ፣ ሪባውንድና የመሪ ከፍታ በአንድ ቀን ከቀየራችሁ፣ ሳይክሉ ቢሻለውም ቢብስበትም የትኛው እንዳደረገው አታውቁም። አንድ ቀይሩ፣ ውረዱ፣ ጻፉ።

የፍሬን ማንሻ ነገር ደግሞ አለ። እህቴ ከኔ ሳይክል አንዱን ወሰደችና ከትንሽ ጊዜ በኋላ ክንዴን ያቃጥለኛል አለች። ቁልቁለት ይከብደኛል፣ አቅም የለኝም ብላ ነበር። እጇን አየሁት። ማንሻው ለኔ ጣት ነው የተቀመጠው፤ እሷ ለመድረስ ሁለት ጣት ዘርግታ እጇን ከመሪው ላይ ታላቅቃለች። ማንሻው ላይ ርቀቱን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች። በብሩጎላ አስጠጋናት። ማንሻውንም ወደ መሀል ገፋ አድርገን አንድ ጣት ብቻ ጫፉ ላይ እንዲያርፍ አደረግን። አንድ ጣት ለፍሬን፣ የቀሩት መሪውን ለመያዝ። አቅም ነበራት፤ ያልነበራት ልኩ ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ በራሳችሁ አቅም ያመካኛችሁ፣ ችግሩ ግን አንዲት ብሎን የሆነች?

ዕቃ ስለመግዛትም ልናገር፤ ምክንያቱም ያገለገለ ሳይክል የገዛ ሰው ወዲያው የሚያምረው አዲስ ዕቃ ነው። አዲስ መሪ፣ አዲስ ቸርኬ፣ ቀለም ያለው ፔዳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ደህንነታችሁን የሚነካውን ቀይሩ፤ ሸራ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ያረጀ መሪ። ሌላው ይቆይ። ሳይክሉን ሳታውቁት የምትገዙት ዕቃ የማታውቁትን ችግር አይፈታም። ገንዘብ ከተረፋችሁ ፎርኩንና አሞርዛተሩን አስፈትታችሁ ዘይትና ጎሚኒ አስቀይሩ። አምራቾች የፎርክ የታችኛውን ክፍል በየ50 የመንዳት ሰዓት ገደማ ማጽዳትን ይመክራሉ፤ ብዙ ያገለገለ ሳይክል ላይ ግን ሻጩ ይሄን አልፎበታል። ዘይቱ የተቀየረ አሮጌ ፎርክ ዘይቱ ከደረቀበት ውድ ፎርክ ይሻላል፤ ነድቼ አውቀዋለሁ።

ደግሞ ጥገና ከዚህ ስፖርት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች በአሮጌ ከባድ ሳይክሎች ይወርዱ ነበር። ፍሬናቸው ፔዳልን ወደኋላ በመርገጥ የሚይዝ፣ በኋላ ጎማው ማዕከል ውስጥ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ሲወርዱ ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨሳል። ስለዚህ ከታች ሲደርሱ ማዕከሉን ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞሉበታል። በ1976 እዚያው ውድድር ጀመሩ። እነዚያ ሰዎች ሳይክላቸውን የሚያውቁት ምን ያህል ይመስላችኋል? በወረዱ ቁጥር እየፈቱት!

እሺ፣ ሦስተኛው ነገር። መጀመሪያ ስትወርዱ።

አንድ አጭር መንገድ ምረጡ። በደንብ የምታውቁት፣ የማያስፈራችሁ፣ ትንሽ ድንጋይ፣ ትንሽ መታጠፊያ፣ አንድ ሁለት ዝላይ ያለው። ያንኑ ደጋግማችሁ ውረዱ። ለምን ያንኑ? መንገዱ ከተቀያየረ ሳይክሉን ሳይሆን መንገዱን ነው የምታጠኑት። የመጀመሪያዎቹን በዝግታ ውረዱ። ድምፅ ስሙ። የዳውንሂል ሳይክል ዝም ማለት አለበት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ወይ ገመድ ነው፣ ወይ ካቴና ነው፣ ወይ የላላ ነገር ነው። ከታች ስትደርሱ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ። የተስተካከለ ብሎን ላይ በቀለም ትንሽ መስመር ብታሰምሩ፣ ከዞረ በዓይን ብቻ ይታያችኋል።

አሁን የሚቀጥለውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ሰው ጥሩ ሳይክል የሚሸጠው ይሄን ባለማወቅ ነው። የዳውንሂል ሳይክል በዝግታ ሲነዳ መጥፎ ነው። ከባድ ነው፤ 15፣ 16 ኪሎ፣ ከዚያም በላይ። የፊቱ ፎርክ አንግል በጣም የተኛ ነው፣ 63 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለዚህ በዝግታ ስትነዱት መሪው ወዲያ ወዲህ ይወድቃል። ረጅም ነው፣ ለመዞር ይሰንፋል። ሜዳ ላይ ፔዳል ስትመቱ አሞርዛተሩ ጉልበታችሁን ይውጠዋል። ከተለመደ የተራራ ሳይክል የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት «ምን ገዛሁ?» ይላል። አትፍረዱበት! ይሄ ሁሉ የሚያስቸግረው ነገር፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ወደ እርጋታ ይለወጣል። የተኛው አንግል ጎማውን ከፊታችሁ ራቅ ስለሚያደርገው ገደል ላይ በቀላሉ በመሪው ላይ አሻግሮ አይጥላችሁም። ርዝመቱ ድንጋይ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል።

ግን ሳይክሉ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል። ወደኋላ አትሽሹ። ፍርሃት ሲመጣ ሰውነት ወደ ኋላ ጎማ ይሸሻል፤ ያኔ የፊት ጎማው ክብደት ያጣል፣ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ይሁን። ፔዳሎቹ እኩል፣ ተረከዝ ዝቅ፣ ክርን ወጣ፣ ደረት ወደ መሪው ዝቅ። እጃችሁ ቀላል ይሁን፣ ዓይናችሁ ሩቅ ይይ። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ያዙ፣ ውስጡ ስትገቡ ልቀቁ። የረጅም ሳይክል የፊት ጎማ የሚሠራው የሚጫነው ሰው ሲኖር ነው።

የጎማ ንፋስን ከዚህ በኋላ ነው የምታስተካክሉት። ከ25 እስከ 28 ፒኤስአይ ባለው መሀል ጀምሩ፤ ከፊት ትንሽ አነስ አድርጉ። ቸርኬው ድንጋይ እየመታ ከሆነ ጨምሩ። ጎማው እንደ ኳስ የሚነጥር ከሆነ ቀንሱ። ከባድ ከሆናችሁ ከዚያ በላይ ትሄዳላችሁ፣ ቀላል ከሆናችሁ በታች። እዚህም አንድ ጊዜ አንድ ነገር።

ስለ ሄልሜት አንድ ነገር ተናግሬ ወደ ልምምዱ ልግባ። አንዳንድ ሻጭ ደግ ሆኖ ከሳይክሉ ጋር ሄልሜቱን ይመርቅላችኋል። አመስግኑት፣ ግን አታድርጉት። ሄልሜት የሚጠብቃችሁ ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ኃይሉን ስለሚውጥ ነው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ፎም ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም፤ ከውጭ ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል። ሳይክል ያገለገለ ግዙ፣ ሄልሜት አዲስ ግዙ፤ አገጭ የሚሸፍነውን። የጉልበት መከላከያም አትርሱ። ለልጆቻችሁና ለታናናሾቻችሁም እንዲሁ። እባካችሁ!

አሁን ከማውራት እንውጣ። ሳይክላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተነሱ፣ ዕቃችሁን ልበሱ። ሜትር እኔ ጋ አለ፣ የአሞርዛተር ፓምፕም እዚያ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፤ አንዱ ይቁም፣ አንዱ ይደግፍ፣ እኔ እየዞርኩ እለካለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ፣ የሪባውንዱን ቁጥር ሳትይዙ ምንም አትንኩ፣ መጀመሪያ ቁጠሩና ጻፉ። ከዚህ ከቀኝ በኩል እንጀምር። የማን ነው ይሄ? ያንተ ነው? ና፣ ውጣበት፣ ያዝኩህ።